ሦስት ሰዓት ላይ የተነሣው መንጋ

የካቲት 2013 ዓ.ም. ነው፤ ቦረና፣ ሚዮ ወረዳ፣ ከኬንያ ድንበር ብዙም ሳንርቅ። የበረሃ አንበጣ መንጋ ግራር ላይ አድሮ ሲነጋ ያላየ ሰው፣ ዛፎቹ በአንድ ሌሊት አበባ አወጡ ብሎ ያስባል። ያ መንጋ ገና ያልጎለመሰ ስለነበር ቀለሙ ሮዝ ነበር፤ እንቁላል ለመጣል የደረሰው ነው ቢጫ የሚሆነው። የሌሊቱ ብርድ ስላደነዘዘው ቅርንጫፉን ስትነቀንቀው እንደ በቆሎ ፍሬ ይረግፋል እንጂ አይበርም። ከዚያ ፀሐይ ስትጠነክር ጥቂቱ ክንፉን መሞከር ይጀምራል፣ ሌላው ይከተላል፣ ትንሽ ቆይቶ ሜዳው በሙሉ እንደ ዝናብ ድምፅ እያንሿሿ ይነሣል።

መርጨት የነበረብን ከዚያ በፊት ነው። ግን መኪና ላይ የሚጫነው መርጫችን ያቤሎ ለጥገና ቆሟል፣ አውሮፕላኑም ሌላ ዞን ተልኳል። እናም እኔና ሹፌራችን ኮፈኑ ላይ ተደግፈን የሰው ከብት እንደሚሸኝ እረኛ መንጋውን ሸኘነው። ስፋቱን 50 ሄክታር ገደማ ብዬ መዘገብኩ። በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ይሰፍራል ስለሚባል፣ በትንሹ 20 ሚሊዮን ማለት ነው። እያንዳንዱ በቀን የክብደቱን ያህል፣ 2 ግራም ገደማ ይበላል። ማስታወሻዬ ጥግ ላይ አባዝቼ 40 ቶን የሚል ቁጥር ሳገኝ ደብተሩን ዘጋሁት።

የተነሣው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ስለነበር መድረሻው ኬንያ መሆኑ ግልጽ ነበር።

ድንበሩ ማዶ ሥራዬን የሚሠራ ሰው አለ። ቀድሞ አስተማሪ ስለነበር ሁሉም «ምዋሊሙ» ይለዋል። እሱ ዘንድ የሚደርስ መረጃ በወጉ የራሱ መንገድ አለው፤ ከእኛ ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሮም ወዳለው የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ከዚያ ተተንትኖ ወደ ናይሮቢ። ትንበያ ለመሥራት ያ መንገድ የግድ ነው፤ ዛሬ ማታ የት ያድራል ለሚለው ጥያቄ ግን አይደርስም። ለዚያ ያለን ዋትስአፕ ነው። ማንም አላዘዘንም፣ ማንም አልከለከለንም።

መልእክቱን እዚያው ሜዳው ላይ ቆሜ በእንግሊዝኛ ጻፍኩት፦ መንጋ፣ 50 ሄክታር፣ 3:00 ላይ ተነሣ፣ ወደ ደቡብ። ከጂፒኤሱ ያነበብኩትንም ጨመርኩ። ኔትወርክ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ሌላ ቦታ ስናስስ ውለን ወደ ሞያሌ ስንቃረብ፣ አሥር ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ስልኬ ጮኸ፤ መልእክቱ ሄደ። ምዋሊሙ ወዲያው አውራ ጣቱን ቀስሮ መለሰልኝ። ጎረቤቴን በጊዜ አስጠነቀቅሁ ብዬ ደስ ብሎኝ እራቴን በላሁ።

በማግሥቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደወለ። ሁልጊዜ የቤተሰቤን ደኅንነት ሳይጠይቅ ወደ ሥራ የማይገባው ሰው፣ ያን ዕለት «መንጋህ የታለ?» አለኝ። ሁለት መኪና ሙሉ ልጆች ሶሎሎ ዙሪያ እስከ ሌሊት ሲፈልጉ አድረዋል። እረኛ ጠይቀዋል፣ ሽማግሌ ጠይቀዋል፣ አንዲት አንበጣ ያየ የለም። የርጭት አውሮፕላኗ ነዳጅ ሞልታ ቦታውን ንገሩኝ እያለች ነው።

«ሦስት ሰዓት ላይ ተነሥቷል ብዬሃለሁ» አልኩት።

«አዎ፣ ሦስት ሰዓት ላይ። ታዲያ ጀንበር እስክትጠልቅ የት ሊደርስ ነው?»

«ቀኑን ሙሉ ሲበር ውሎ የት ላይደርስ ነው?»

እንዲህ እየተባባልን ቆየን። ሁለታችንም እንግሊዝኛችንን እያጠራን፣ እየረገጥን፣ ሌላው ቋንቋው ያልገባው ይመስል ቀስ እያልን ነው የምንናገረው። ሹፌራችን የሞያሌ ሰው ነው፣ ቦረና፤ በዕድሜ አባቴ ስለሚሆን «ኦቦ» እንለዋለን። ጎማ እየነፋ ሲሰማን ቆይቶ «ልጄ፣ እስቲ ስልኩን ስጠኝ» አለኝ። ተቀበለኝና በስዋሂሊ «ሳ ታቱ። ሳ ታቱ አሱቡሂ» አለ።

ወዲያ ማዶ ፀጥ አለ። ከዚያ ምዋሊሙ በረጅሙ ሲተነፍስ እኔ ድረስ ተሰማኝ።

ስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ነው። «ሳ ታቱ» ቃል በቃል ሦስት ሰዓት ነው፤ «አሱቡሂ» የጠዋት። እኔ በአማርኛ ባስብ፣ እሱ በስዋሂሊ ቢሰማ፣ ኦቦም በኦሮምኛ ቢናገር፣ ሦስታችንም ያንኑ ሰዓት፣ ጠዋት ፀሐይ ግራሩን ማሞቅ የጀመረችበትን እናስብ ነበር። የተለያየነው ለመግባባት ብለን እንግሊዝኛ የጻፍን ጊዜ ነው። እሱ እንግሊዝኛ ሲያነብ አእምሮው ወደ ፈረንጅ ሰዓት ይዞራል፤ የእኔ አልዞረም። መልእክቱ ደግሞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ስለደረሰው፣ 3:00 ማለት ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት መሰለው። እንዲህ ከሆነ መንጋው ሲመሽ ድንበሩ አጠገብ ሊያርፍ ነው። ሒሳቡ ልክ ነበር።

እውነቱ ግን መንጋው ቀኑን ሙሉ ነፋስ ተከትሎ ሲበር ውሏል። የበረሃ አንበጣ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። ምዋሊሙ ካርታውን ዘርግቶ አዲስ መስመር አሰመረና ለሚያውቃቸው የጭነት መኪና ሾፌሮች መደወል ጀመረ፤ ከኢሲዮሎ ወደ ሞያሌ የሚመጣው አስፋልት ላይ ያሉትን ማለት ነው። አንዱ፣ ትናንት ሊመሽ ሲል ከቱርቢ በስተ ደቡብ፣ ዲዳ ጋልጋሉ ሜዳ ላይ፣ የፊት መስታወቱ በአንበጣ ተለጥፎ ቆሞ እንደጠረገ ነገረው። ለማንም አላመለከተም፤ ለማን ያመልክት?

አውሮፕላኗ ስትደርስ የሞቀው መንጋ አየር ላይ ነበር። በአብዛኛው የሚረጨው ያረፈ መንጋ እንጂ የሚበር አይደለም። በዚያው ቀን ማታ ማርሳቢት ተራራ ግርጌ እርሻ ላይ ወረደ፤ በማግሥቱ ጠዋት ነው የተረጨው። ምዋሊሙ ፎቶ ላከልኝ። የባቄላ ማሳ መሆኑን ያወቅሁት ስለነገረኝ ነው፤ የሚታየው ቀይ አፈርና እንደ ክብሪት እንጨት የቆመ አገዳ ብቻ ነው። የማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። መጠየቅ ነበረብኝ።

ለአለቃዬ የጻፍኩት የመጀመሪያ ሪፖርት «በኔትወርክ መቆራረጥ ምክንያት» ይል ነበር። ውሸት አይደለም፤ መልእክቱ የዘገየው በኔትወርክ ነው። ግን የዘገየው መልእክት ከጠዋቱ 9:00 በፈረንጅ ሰዓት ቢል ኖሮ ምዋሊሙ ሲቀበለው ልክ መስመሩን ያሰምር ነበር። አድሬ ቀደድኩትና ጥፋቱን በስሜ ጻፍኩ። አለቃዬ አነበበው፣ ስሜን ሰረዘ፣ «በመረጃ ክፍተት» ብሎ አስተካክሎ ወደ ላይ ላከው። ቢሮ ውስጥ ክፍተት የሚባለው ነገር እንደ አንበጣ ነው፤ ባለቤት የለውም።

ከዚያ በኋላ የድሮ ፎርሞቻችንን አገላበጥኩ። ቀን የሚሞላበት ሳጥን ላይ 02/06/13 የሚል አገኘሁ፤ የካቲት 2 ቀን 2013 ማለታችን ነው። ያንን ኬንያ ያለ ሰው ሲያየው በፈረንጅ ጁን 2 ቀን 2013፣ ያውም ከስምንት ዓመት በፊት ይሆንበታል። እንቁላል የተጣለበትን ቀን የምንጽፈው እንዲህ ነበር። እንቁላል በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል፣ ኩብኩባው አምስት ጊዜ ቆዳውን ቀይሮ ክንፍ ለማውጣት ከወር ትንሽ በላይ ይፈጅበታል። የቡድን ስምሪት በሙሉ የሚሰላው ከዚያች ቀን ነው። ቦታውንና ጊዜውን ራሱ መዝግቦ በሳተላይት የሚልክ ኢሎከስት የሚባል ታብሌት አለ፤ ግን ያኔ ለሁሉም ቡድን አልተዳረሰም ነበር፣ የእኛም ቡድን ተራውን ይጠብቅ ነበር።

የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የበረሃ አንበጣን በጋራ ለመከላከል ድርጅት ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ ከአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአንድ ዓመት ይቀድማል። ስምምነት አልጎደለንም። ይህ ወረርሽኝ ራሱ የጀመረው ጎረቤት ለጎረቤት የሚነግረው ሰው ከሌለበት ቦታ ነው። በ2010 ግንቦት መኩኑ፣ በ2011 ጥቅምት ሉባን የተባሉ አውሎ ነፋሶች ሳዑዲ፣ ኦማንና የመን የሚገናኙበትን ባዶ በረሃ በዝናብ አጠቡት። አንበጣው ሰው በሌለበት ሦስት ትውልድ ተራባ፤ የመን ሲገባ አገሪቱ ጦርነት ላይ ነች። በ2011 ሰኔ እኛና ሶማሊያ ደረሰ። በ2012 ታኅሣሥ ኬንያ ገባ፤ እዚያ በ70 ዓመት እንዲህ ያለ አልታየም። ወሎና ራያ ያለ ገበሬ ደግሞ በ2013 ጥቅምት የደረሰ ማሽላውን ምን እንዳደረገው ከእኔ በላይ ያውቃል።

እኛ ያደረግነው መፍትሔ ትንሽ ነው። ጽሑፉን ተውነውና ኦቦ በድምፅ መላክ ጀመረ፣ በቦረንኛ። ማዶ ያሉት አሳሾች ግማሾቹ ቦረናዎች ናቸው። ኦቦ ሲናገር ሰዓት አይጠራም፤ ከብቱ ከበረት ወጥቶ ውኃ ሳይደርስ፣ ጥላችን ይህን ያህል እርምጃ ሆኖ፣ እያለ ነው። ከጂፒኤስ ጋር ሲደመር ማንም አልተሳሳተም። እኔ በበኩሌ ስልኬንም የእጅ ሰዓቴንም ወደ ፈረንጅ ሰዓት ቀየርኩ።

በመጋቢት ወር፣ ፊት ለፊት ተገናኝተን የሁለቱን ወገን ካርታ እናስተያይ ተባባልን። ምዋሊሙ «ማክሰኞ 1:00፣ ሞያሌ መሻገሪያው ጋ» ብሎ ጻፈልኝ። ቁርሴን በላሁ፣ ልብስ አጠብኩ፣ ከምሳ በኋላ እሄዳለሁ ብዬ ተዝናንቼ ተቀመጥኩ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን ደወለ።

«የት ነህ? አንድ ሰዓት ሙሉ ቆምኩ እኮ!»

ለእኔ ክብር ብሎ በኢትዮጵያ ሰዓት ነበር የጻፈው።

ሮጬ ስደርስ መሻገሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጦ ማንዳዚ ይበላል። ኦቦ ቀድሞኝ ደርሶ አጠገቡ ተቀምጧል። ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝና እጃቸው ላይ ያለውን ሰዓት አሳዩኝ፤ እንግዲህ የትኛው እንደሆነ እግዜር ይወቅ።