የተሸጠ ዕጣ

ቢሯችን ካዛንቺስ ነበር። «ነበር» ያልኩት ሕንፃው ስለሌለ ነው። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ሄዷል። ሥራችን ሌላ ሰው የሚሠራውን ፕሮጀክት በወረቀት ላይ ማሳመር ነው። በወጉ ሲጠራ «ማማከር» ይባላል።

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አለቃዬ ጠረጴዛዬ ላይ ፋይል ጣል አደረገልኝ። የማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ፕሮጀክት ነው። ሃያ ሺህ ምድጃ ለገጠር ሴቶች ይታደላል። እንጀራው በግማሽ ማገዶ ይጋገራል። ወደ አየር ሳይወጣ የቀረው የካርቦን ጋዝ በቶን ተሰልቶ «ክሬዲት» ይሆናል። ክሬዲቱን ፈረንጅ ይገዛል። ገዢው ሐሙስ ይመጣል። እስከዚያ ለመንግሥት የሚገባ ሁለት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ይድረስ ተባለ።

ማክሰኞ የተሰጠ የሐሙስ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ቢሮ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። የድሮ ፋይል ይከፈታል፣ ስሙ ይቀየራል፣ ቁጥሩ ይቀየራል፣ ይታተማል። እኔም ዴስክቶፔ ላይ «ካርቦን ናሙና» የሚል ፋይል ነበረኝ። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ የተወልኝ ነው። እሱም ከሌላ ሰው ወርሶታል። አማርኛው ግሩም ነው። «ፕሮጀክቱ የሚቀንሰው ልቀት በሙሉ ለገዢው ይተላለፋል» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ «ለአገሪቱ ዘላቂ ልማት አስተዋጽኦ ያደርጋል» ይላል።

እዚህ ላይ ብተወው ጥሩ ነበር። ግን «ዘላቂ ልማት» የሚለው ያረጀ መሰለኝ። ዘመናዊ ላድርገው ብዬ ሰረዝኩትና «ኢትዮጵያ በ2030 እ.ኤ.አ. ልቀቷን በ68.8 ከመቶ ለመቀነስ የገባችውን ቃል እንድታሳካ ያግዛል» ብዬ ጻፍኩ። ቁጥር ያለበት ዓረፍተ ነገር ክብደት አለው ብዬ ነው። አለቃዬም አንብቦ «ይኼ ነው እንጂ!» አለኝ።

ረቡዕ ወደ አራት ኪሎ ይዤው ሄድኩ። ወረቀቱን የተቀበሉኝ ኃላፊ በዕድሜ የእናቴ እኩያ ናቸው። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ዝቅ አድርገው አነበቡት። እስክሪብቶ አነሱ። መጀመሪያ የላይኛውን ዓረፍተ ነገር አከበቡ። ቀጥለው የታችኛውን። ከዚያ ሁለቱን በመስመር አገናኟቸው።

«ስንት ምድጃ ነው ያላችሁ?» አሉኝ።

«ሃያ ሺህ ነው፣ እትዬ።»

«እኔ ሳነበው አርባ ሺህ ሆነብኝ።»

አልገባኝም። ፊቴን አይተው መሰለኝ ወንበር ሰጡኝ።

«ይኼን ቶን ፈረንጁ ወስዶ የራሱን ዕዳ ያወራርድበታል። እኛም ደግሞ ቀንሰናል ብለን ሪፖርት እናደርጋለን። ከባቢ አየሩ ላይ የቀነሰው ግን አንድ ቶን ነው። ሁለተኛውን ከየት አመጣኸው?»

«ናሙናው ላይ...» ብዬ ጀመርኩና ዋጥኩት።

እሳቸው ግን ናሙናው የየትኛው ዘመን እንደሆነ ወዲያው ገብቷቸዋል። የኪዮቶ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. በጸደቀው የኪዮቶ የአየር ንብረት ስምምነት ቀንሱ የተባሉት የበለጸጉት አገሮች ብቻ ነበሩ። እንደ እኛ ያለው አገር የልቀት ግብ አልነበረበትም። ስለዚህ ብንሸጥ ከምንም ላይ አይቀነስብንም። ሁምቦን የሚያስታውስ ያስታውስ። ወላይታ ውስጥ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ተከልሎ፣ የተቆረጠው ዛፍ ከጉቶው ተመልሶ አቆጠቆጠ። በ2002 ዓ.ም. በዚሁ ሥርዓት ተመዘገበ፣ የዓለም ባንክ ፈንድም ክሬዲቱን ገዛ። ያኔ የሚጠየቀው «ፕሮጀክቱ ለዘላቂ ልማታችሁ ይጠቅማል ወይ?» የሚል ነበር። ይጠቅማል ብለህ ትፈርማለህ፣ አለቀ። የእኔ ናሙና በዘመኑ ልክ ነበር ማለት ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

በ2015 እ.ኤ.አ. የፓሪስ ስምምነት መጣ። በፓሪስ ሁሉም አገር፣ ደሃውም ጭምር፣ የራሱን ቃል ይገባል። የኢትዮጵያ የ2030 ቃል ያ 68.8 ከመቶ ነው፣ ምንም ባይደረግ በዚያ ዓመት ሊደርስ ከሚችለው ልቀት ላይ። እንግዲህ ለሌላ አገር ግብ የሸጥከው ቶን ካንተ መዝገብ መውጣት አለበት። ገዢው ከልቀቱ ይቀንሳል፣ አንተ ልቀትህ ላይ ትደምራለህ። ሕጉ በስድስተኛው አንቀጽ ውስጥ ነው፣ ዝርዝሩ ደግሞ ግላስጎው ላይ በ2021 እ.ኤ.አ. ጸደቀ። በወረቀት «ተጓዳኝ ማስተካከያ» ይሉታል። እኛ ቢሮ «አጀስትመንት» እንላለን፣ ምክንያቱም ተጓዳኝ ማስተካከያ ሲባል ማንም አይሰማህም።

ኃላፊዋ እዚያ ላይ አላቆሙም። ሁለተኛው ገጽ ላይ «88 ከመቶ» የሚል ነበር። ከሚቆረጠው ማገዶ ውስጥ ተመልሶ የማይበቅለው ድርሻ ማለት ነው። እሱ ከፍ ባለ ቁጥር ምድጃው «የሚያድነው» ቶን ይበዛል።

«ይቺስ ከየት መጣች?»

እሷም ከናሙናው ናት። በኪዮቶ ዘመን ለአገራችን የተሰጠች አገር አቀፍ ቁጥር ናት። ፕሮጀክቱ ያለበት ወረዳ ዛፉ ይብቀል አይብቀል ማናችንም ሄደን አላየንም። (በዚያው ዓመት ጥር ላይ የወጣ አንድ ጥናት የመረመራቸው የምድጃ ፕሮጀክቶች በአማካይ ዘጠኝ እጥፍ ያህል አጋነው መቁጠራቸውን ሲናገር፣ እኔ ቀድሞ የእትዬ እስክሪብቶ ነው ትዝ ያለኝ።)

ሦስተኛው ክብ አባሪው ላይ አረፈ። ምድጃ የሚወስዱት ሴቶች የሚፈርሙባት ቁራጭ ወረቀት ናት። «ከምድጃው የሚገኘውን የካርቦን መብት ለፕሮጀክቱ አስተላልፌያለሁ» ትላለች። ምድጃ በሚታደልበት አገር ሁሉ እንዲህ ያለ ወረቀት የተለመደ ነው።

«እነዚህ እናቶች ካርቦን ሲባሉ ምን ይመስላቸዋል?»

እውነቱን ልናገር? ለእኔ እንኳ ካርቦን ማለት ለረጅም ጊዜ ደረሰኝ መሃል የሚገባው ሰማያዊ ወረቀት ነበር። ዝም አልኩ።

ኬንያ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሕግ አውጥታ በመሬት ላይ ከሚሠሩ ፕሮጀክቶች ዓመታዊ ገቢ ቢያንስ 40 ከመቶው ለማኅበረሰቡ እንዲደርስ አዝዛለች አሉኝ። ዚምባብዌ ደግሞ ግማሹ ለመንግሥት ይግባ ብላ ነጋዴውን ሁሉ አስደንግጣ፣ ኋላ ዝቅ አድርጋዋለች። «የእናንተ ወረቀት ላይ ግን የእናቶቹ ድርሻ የሚለው ቦታ ባዶ ነው።» ባዶ አይደለም ልላቸው አልቻልኩም። ባዶ ነበር።

ወረቀቴን ታቅፌ በእግሬ ወጣሁ። ከአራት ኪሎ ቁልቁል፣ በፓርላማው፣ በምኒልክ ቤተ መንግሥት አጥር ሥር፣ ወደ ሒልተን። እዚያ አጥር ሥር ቆሞ ማሰብ አይቻልም፣ ጥበቃዎቹ ያስኬዱሃል። እየተራመድኩ አሰብኩ። ያሰብኩት ደግሞ ስለ ፓሪስ ሳይሆን ስለ ዕቁባችን ነው።

የቢሯችን ዕቁብ ጸሐፊ እኔ ነኝ። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡ ካልቸኮለው፣ ለቸኮለው ይሸጥለታል። የገዛው ጥቂት ጨምሮ ይከፍለውና ተራ ይለዋወጣሉ። እኔ ደብተሩ ላይ አንዱን ስም ሰርዤ ሌላውን እጽፋለሁ። ከዚያ ዓመት በፊት አንዱ ባልደረባችን ዕጣውን ሠርግ ለደረሰባት ሒሳብ ሠራተኛችን ሸጠ። እኔ ሥራ በዝቶብኝ ሳልሰርዝ ቀረሁ። ቅዳሜ ሁለቱም እጃቸውን ዘርግተው መጡ። እሱ «ስሜ አለ» ይላል፣ እሷ «ከፍያለሁ» ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ጥፋቱ የደብተሩ ነው፣ ማለትም የእኔ። ሠርጉ አለፈ፣ ልጅ ተወለደ፣ ሁለቱ እስከ ዛሬ ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነው።

ሒልተን ጋ ስደርስ አጀስትመንት ማለት ስም መሰረዝ መሆኑ ገባኝ። ሁለት ዓመት ስጽፈው የኖርኩትን ነገር!

አለቃዬ ግን ተናደደ።

«ሁለቱንም ብንል ማንን ይጎዳል? ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጽፈው።»

«ጋሼ፣ አንዱን መምረጥ አለብን። ወይ ቶኑ የእሱ ነው፣ ወይ የእኛ።»

«ሐሙስ ሰውዬው ሲመጣ እንዲህ ብለህ ትነግረዋለህ?»

መንገር አላስፈለገም። ሐሙስ ሰውዬው ቡናውን ሳይጨርስ የመጀመሪያ ጥያቄው «መንግሥታችሁ ፈቃዱን የሚሰጠው ከማስተካከያ ጋር ነው ወይስ ያለ ማስተካከያ?» የሚል ሆነ። ሁለት የዋጋ ዝርዝር ይዞ መጥቷል። ማስተካከያ ያለው ውድ ነው፣ ለሌላ አገር ግብ ሊቆጠር ይችላል። የሌለው ርካሽ ነው፣ ገዢው «ለኢትዮጵያ ቅነሳ አግዣለሁ» ከማለት አያልፍም። እኛ ወረቀታችን ላይ ውዱንም ርካሹንም አንድ ላይ ቸብችበን ነበር። አለቃዬ ወደ እኔ ዞሮ አላየም። ጣሪያውን ነበር የሚያየው።

መጨረሻ ላይ በርካሹ ሄድን። አለቃዬ እስከ ዛሬ የቀረብንን ዶላር ያሰላል። እኔ ግን እትዬ ስወጣ በር ላይ ያሉኝን ነው የማሰላው። ያ 68.8 ለሁለት ይከፈላል። 14 ከመቶው በራሳችን አቅም እናደርገዋለን ያልነው ነው። 54.8ቱ ደግሞ ድጋፍ ካገኘን የምንለው። «ምድጃ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው። ቀላሉን ለፈረንጅ ሸጠን ከጨረስን፣ የራሳችንን ቃል በምን እንሞላለን? በከብቱ?» አሉኝ። የአገራችን ልቀት ትልቁ ድርሻ ከከብት እና ከመሬት አጠቃቀም ነው። ላም ላይ ደግሞ ምድጃ አይገጠምም።

ይህ ሁሉ የሩቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። በዚያው ዓመት ስዊዘርላንድ ከታይላንድ ባንኮክ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች 1,916 ቶን መግዛቷ ተሰማ። በፓሪስ ሥርዓት የመጀመሪያው ርክክብ ነው ተባለ። ዓለም ያጨበጨበለት ቁጥር 1,916 ብቻ ነው። የእኛ ወረቀት በዓመት አርባ ሺህ ቶን ይል ነበር። አይ ድፍረት።

አሁን ቢሯችን ሜክሲኮ አካባቢ ነው። የዕቁቡን ደብተር አሁንም እኔ እይዛለሁ። ዕጣ በተሸጠ ቁጥር ሻጭም ገዢም እፊቴ ቆመው ስሙ ሲሰረዝ ያያሉ። ሰዎቹ ይስቁብኛል።

ባለፈው ሳምንት አዲስ የተቀጠረ ልጅ የደን ፕሮጀክት ማጠቃለያ እንዳይለት ላከልኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ አማርኛው ያምራል። አንደኛው ገጽ ላይ «የሚቀንሰው ልቀት በሙሉ ለገዢው ይተላለፋል» ይላል። ወደ ታች ወረድኩ። 68.8።

ጠራሁትና ከየት እንዳመጣው ጠየቅኩት።

«ካንተ ኮምፒውተር ነው፣ ዴስክቶፑ ላይ ነበር» አለኝ። «‹ካርቦን ናሙና የተሻሻለ› ይላል።»