ለየብቻ ነው አንድ ላይ?

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ከፍቶኛል። ለምን ብትሉኝ የምነግራችሁ ምክንያት የለኝም። የኅዳር ነፋስ ይሆናል። ቱሉ ዲምቱ የኖረ ያውቀዋል፤ ከሜዳው ተነስቶ በኮንዶሚኒየሞቹ መሀል እያፏጨ ይመጣና በረንዳ ላይ የተሰጣውን ልብስ ሁሉ አቧራ አልብሶት ይሄዳል። ነጠላዬን እንደገና ላጥብ ስነሳ ሳምሪ ደወለች። «ዓርብ አይደል? ቄሱም እስከ ሰባት ተኩል ነፃ ነው። ነይ በያይነቱ እንብላ።» ነጠላውን ዘፍዝፌ ወጣሁ።

ምግብ ቤቷን ታውቋታላችሁ። ብሎኩ ሥር ያለችው፣ ስለ ሽሮዋ ስንት ጊዜ የጻፍኩላት። አስተናጋጇ ግን አዲስ ልጅ ናት። እጃችንን ታጥበን ገና ከመቀመጣችን፣ ምን ልታዘዝ ከማለቷ በፊት፣ «ሂሳቡ ለየብቻ ነው አንድ ላይ?» አለችን።

ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። ቀኑን ሙሉ የምታየው ይሄንኑ ነው፤ ቀድማ ካልጠየቀች ኋላ የምትቸገረው እሷ ናት። ግን ሦስታችንም ተያየን። የመለሰላት ቄሱ ነው። «ለየብቻ» አለ። ቄሱ የምንለው ጓደኛችን አስተማሪ ነው፣ ሲያወራ ሌላ ብሎክ ድረስ ይሰማል። ይቺን ቃል ግን ለልጅቷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ነው ያላት።

በያይነቱው በአንድ ትልቅ ትሪ መጣ። ሱፍ ፍትፍት ነበረው፣ ምስሩም ጥሩ ነበር መሰለኝ፤ ምን እንደበላሁ ልብ አላልኩም። ሐሳቤ ድሮ ሂሳብ ሲመጣ የምንጣላው ጠብ ላይ ሄዷል።

ጠቡን መቼም አትረሱትም። «በሞቴ!» «እኔ እያለሁ?» «ባለፈው አንቺ አይደለሽ እንዴ የከፈልሽው?» «ብትከፍል ሁለተኛ አብሬህ አልበላም!» አንዱ የሌላውን እጅ ይይዛል፣ ሌላው ብሩን አስተናጋጇ ኪስ ውስጥ ሊከት ይታገላል፣ እሷ የማንን እንደምትቀበል ግራ ይገባታል። አራተኛው ጓደኛችን አቡሽማ የራሱ ዘዴ ነበረው። ምግቡ መሀል ላይ እጄን ልታጠብ ብሎ ይነሳና ተመልሶ ይቀመጣል። በኋላ ሂሳብ ስንጠይቅ «ተከፍሏል» እንባላለን። እሱ በስቴኪኒ ጥርሱን እየጎረጎረ ወደ ውጪ ያያል፣ እንዳልሰማ።

መቼ ነው ይሄ ነገር የቀረው? ሳምሪን ጠየቅኳት። ስልኳን ብድግ አድርጋ «ይሄ ነው ያስቀረው» አለች። ቴሌብርን ማለቷ ነው። «ድሮ ዝርዝር ስለሌለ አንድ ሰው ይከፍል ነበር። አሁን ሳንቲሙ ሳይቀር ከስልክሽ ትልኪያለሽ።» እኔ አይመስለኝም። ቴሌብር ከመጣ እኮ ከግንቦት 2013 ጀምሮ ነው፣ ከዚያ በኋላም ስንጣላ ኖረናል። እንዲያውም አቡሽ በስልክ መክፈል ሲጀምር ባሰበት፣ ከወንበሩ ሳይነሳ ይቀድመን ጀመር።

ከጀርባዬ ግድግዳው ላይ የዋጋ ዝርዝሩ ተሰቅሏል። ዋጋ ሲቀየር አዲስ አያሳትሙም፤ በድሮው ላይ ነጭ ወረቀት ቆርጠው ይለጥፉበታል። የበያይነቱ ቦታ ከሌላው ሁሉ ወፍሮ እብጥ ብሏል። ጫፉ ተላቆ ስለነበር በጥፍሬ ገለጥ አደረግኩት። ላዩ 250 ነው። ከሥሩ 180። ከሱ ሥር 110። ከ110 ሥርም ሌላ ወረቀት ነበር፣ ሙጫው ይዞት እምቢ አለኝ። ልጅቷ ስታየኝ መልሼ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት።

ያኔ ነው የገባኝ። ያ ጠብ ለካ እቁብ ነበር። ዳኛ የለው፣ ጸሐፊ የለው፣ ዕጣ አይወጣበት፣ ግን እቁብ። ዛሬ አንተ ከከፈልክ በሚቀጥለው እኔ ታግዬም ቢሆን እከፍላለሁ፤ ማንም አይመዘግብም፣ ሁሉም ግን ተራውን በሆዱ ያውቀዋል፣ እየዋለ እያደረ ይካካሳል። እቁብ ደግሞ የሚጸናው መጀመሪያ የደረሰውም መጨረሻ የደረሰውም እኩል ሲወስዱ ነው። የኛው ተራ እስኪዞር ዋጋው ቀድሞ ዞረ። በ110 ጊዜ አራታችንን የጋበዘ ሰው 440 ብር አወጣ። ተራው አሁን የደረሰው ሰው 1,000 ብር ሊያወጣ ነው፣ ቡናው ሳይቆጠር። ማን ማንን «ያንተ ተራ ነው» ይበለው? ያፍራል። ስለዚህ ሁሉም ቀስ ብሎ እጁን ሰበሰበ። በክፋት አይደለም፣ እርስ በርስ እንዳንጎዳዳ ብለን ነው። ግን አንድ ነገር ተጎድቷል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ ለገበያ ሲለቀው ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። ዓመት ሳይሞላ 130ን አለፈ። ያን ሰሞን እዚህችው ቤት ተቀምጠን ስለ አይኤምኤፍ ስንከራከር ቄሱ «ይሄ የነጋዴ ጉዳይ ነው፣ በያይነቱ በዶላር አይገዛም» ብሎን ነበር። ዘይቱ ግን በዶላር ይመጣል። ጤፉ የበቀለበት ማዳበሪያም፣ ጤፉን ያመጣው መኪና ነዳጅም። ዛሬ ሳምሪ፣ የሂሳብ ሠራተኛ አይደለች እንዴ፣ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ግብር የማይቆረጥበት ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ከፍ ማለቱን እያስታወሰች ልታጽናናው ሞከረች። «አዎ፣ እጄ ላይ የጨመረችውን አይቻታለሁ። ጤፍ ቤት ነው ያደረስኳት» አላት።

ለነገሩ አንድ ቀን ተመልሶ ነበር፣ ጠቡ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017፣ የሕዳሴ ግድብ የተመረቀ ዕለት። ማክሰኞ ስለነበር ጥብስ አዘናል፣ አራታችንም አለን። ቴሌቪዥኑ ድምፁ እስከ መጨረሻ ተከፍቶ 5,150 ሜጋ ዋት ሲል ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ። በ2003 ግንባታው ሲጀመር ቄሱ ገና ጀማሪ አስተማሪ ነበር፤ የአንድ ወር ደመወዙን በዓመት ከፋፍለው ለቦንድ ቆርጠውበታል። ያኔ የነበረበትን ችግር እናውቃለን። ውሃው እየተንደረደረ ሲወርድ ሲያይ ጉርሻ በእጁ እንደያዘ ቀረ። አሥራ አራት ዓመት። ዓይኑ እርጥብ ሆኖ «የዛሬዋን ሂሳብ ማንም እንዳይነካ!» አለ። አቡሽ ግን ቀድሞት ከፍሏል። ቄሱ የምሩን ተቆጣ፣ እስከ በሩ ድረስ ሲጨቃጨቁ ሄዱ፤ እኔና ሳምሪ እየሳቅን ከኋላ ተከተልናቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አቡሽን አላየነውም። ስንደውልለት «ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ እናንተ ብሉ» ይላል።

ዛሬ ቡና እየጠጣን ሳለን ሳምሪ ነገረችን። ሱቁን ለቋል። የመኪና መለዋወጫ ይሸጥ የለ? አንዱን ዕቃ የሸጠበት ብር ያንኑ ዕቃ መልሶ አልገዛ አለው። መደርደሪያው ባዶ እየሆነ ሲሄድ ቁልፉን ለአከራዩ መለሰ። «መቼ?» አልኳት። «ነሐሴ ላይ።»

ነሐሴ። ጳጉሜን 4 ከነሐሴ በኋላ ነው። የዚያን ቀን የአራታችንን ጥብስ የከፈለው ሱቅ ሳይኖረው ነው።

ሦስታችንም ስልካችንን አውጥተን የየድርሻችንን ላክን። ልጅቷ የየአንዳንዳችንን መልእክት አይታ አመሰገነች። ቄሱ ሰዓቱ ደርሶበት ሄደ፣ ሳምሪም ሄደች።

አሁን ማታ ነው፣ የአቡሽን ስልክ ቁጥር ከፍቼ አስቀምጬዋለሁ። ና እኔ ልጋብዝህ ብለው አይመጣም፣ አውቀዋለሁ። ሌላ ሰው ሲከፍልለት ተቀምጦ ማየት አልለመደም። ለየብቻ ነው የምንከፍለው፣ አትጨነቅ ብለው ደግሞ ሱቁን መስማቴን ይነቃል። እንዳልሰማሁ ሆኜ ልደውል? ወይስ ሳልደውል አንድ ቀን ሰፈሩ ሄጄ፣ እንደ አጋጣሚ አግኝቼው፣ እሱ እንደሚያደርገው እጄን ልታጠብ ብዬ ልነሳ?