አድራሻው ዲኬተር ቢልም፣ ከተማው ላይሆን ይችላል

አትላንታ አካባቢ ያለ ሐበሻ «የምኖረው ዲኬተር ነው» ቢላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ዲኬተር ከተማ ውስጥ አይኖርም። ዋሽቶ አይደለም። መንጃ ፈቃዱም የመብራት ቢሉም «ዲኬተር፣ ጆርጂያ» ይላሉ። ይህን ስም የሰጠው ግን ፖስታ ቤቱ እንጂ ማዘጋጃ ቤቱ አይደለም። ልዩነቱ የልጅ ትምህርት ቤት፣ የትራፊክ ቲኬትና የቤት ግብር ላይ ሲደርስ ነው የሚያስቸግረው።

ትክክለኛዋ ዲኬተር ከአትላንታ መሀል ስድስት ማይል ያህል ወደ ምሥራቅ ርቃ የምትገኝ፣ በ2020 ቆጠራ ሕዝቧ 25 ሺህ ያልሞላ ከተማ ናት። ከ1823 ጀምሮ የዲካልብ ካውንቲ መቀመጫ እሷ ናት። ካውንቲው ደግሞ በዚያው ቆጠራ ከ760 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበረው። ጆርጂያ 159 ካውንቲዎች አሏት፤ ከቴክሳስ በስተቀር ይህን ያህል ያለው ግዛት የለም። እያንዳንዱ ካውንቲ ፍርድ ቤቱና መዝገቡ የሚቀመጥበት አንድ ከተማ አለው። አገር ቤት ሰው ለክስም ለመሬት ጉዳይም ወረዳ ከተማ እንደሚሄደው መሆኑ ነው።

ዚፕ ኮድ 30030 በአብዛኛው ከተማዋ ናት። 30032፣ 30034 እና 30035 በአመዛኙ ስማቸው ብቻ ነው ዲኬተር። 30033 ከፊሉ ውስጥ፣ አብዛኛው ውጭ ነው። ስለዚህ ዚፕ ኮድ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይሆንም። የሚታመነው የካውንቲው የንብረት መዝገብ ነው፤ ድረ ገጹ ላይ አድራሻውን ስታስገቡ ቤቱ በየትኛው የግብር ክልል ውስጥ እንደሆነ ያሳያል። አከራዩን ብቻ አትመኑ፤ «ዲኬተር ነው» ማለት ኪራይ ያስወድዳል።

ትልቁ ጣጣ ትምህርት ቤት ላይ ነው። ከተማዋ ከካውንቲው የተለየ የራሷ የትምህርት አስተዳደር አላት። የጆርጂያ ሕገ መንግሥት ከ1945 ወዲህ እንዲህ ያለ አዲስ የከተማ አስተዳደር እንዳይቋቋም ከልክሏል፤ ዲኬተር ቀድማ ስለነበራት ይዛው ቀረች። ወላጅ ለዚህ ብሎ ቤት ይፈልጋል፤ የቤት ዋጋ ይወጣል፣ ግብሩም ይከብዳል። ሁለት ልጅ ያለው ቤተሰብ ጥቂት መንገዶች ብቻ በሚርቅ ቤት ተመሳሳይ ኪራይ እየከፈለ ልጆቹ ሌላ ትምህርት ቤት ሊመደቡ ይችላሉ። ውል ከመፈረማችሁ በፊት የቤቱን ቁጥር ጨምራችሁ የትምህርት አስተዳደሩን የምዝገባ ቢሮ ጠይቁ። ከተፈረመ በኋላ ማስታወቂያው ላይ ዲኬተር ይላል ብሎ መከራከር አያዋጣም።

ቀጥሎ ፍርድ ቤት። ዋናው ሕንፃ መሀል ከተማ፣ ኖርዝ መክዶና ጎዳና 556 ላይ ነው። ፍቺ፣ ከባድ ወንጀልና የቤት ሰነድ ምዝገባ በሱፒሪየር ኮርት በኩል፣ ውርስና የጋብቻ ፈቃድ በፕሮቤት ኮርት፣ እስከ 15 ሺህ ዶላር የሚደርስ የገንዘብ ክርክርና የቤት ማስለቀቅ በማጂስትሬት ኮርት ይታያል። የትራፊክ ቲኬት ግን እዚህ አይደለም። የጻፈው የከተማዋ ፖሊስ ከሆነ ወደ ከተማዋ ማዘጋጃ ፍርድ ቤት ነው የሚኬደው። የካውንቲው ፖሊስ ከሆነ ካምፕ ሰርክል የሚባል ቦታ ያለው የትራፊክ ችሎት ነው፤ እሱም አድራሻው ዲኬተር ነው፣ ከመሀል ከተማው አደባባይ ግን በእግር የሚደረስበት አይደለም። የካውንቲው እስር ቤትም፣ የታርጋና የግብር ዋና ቢሮውም ሜሞሪያል ድራይቭ ላይ ሆነው ሁለቱም ዲኬተር ይባላሉ። ጂፒኤሱ ላይ «ዲኬተር ፍርድ ቤት» ብሎ የሚጽፍ ሰው ቀጠሮው ሌላ ቦታ ሲጠራ እሱ መክዶና ጎዳና ላይ የፍተሻ ሰልፍ ይዞ ይቆማል። ካልቀረበ ደግሞ መንጃ ፈቃዱ ሊታገድ ይችላል። ቲኬቱ ላይ የተጻፈውን የመንገድ ስም እስከ ቁጥሩ አንብቡ፤ የከተማውን ስም እለፉት።

የቤት ማስለቀቂያ ወረቀት በር ላይ ተለጥፎ ያገኘ ተከራይ መልስ ለማስገባት ሰባት ቀን አለው። ሰባተኛው ቀን ቅዳሜ፣ እሁድ ወይም በዓል ላይ ከዋለ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይተላለፋል። ብዙ ሰው የሚጎዳው ክርክሩን ስላልቻለ ሳይሆን መልስ ስላላስገባ ነው። «አከራዩ እስከ ወር መጨረሻ ታግሶኛል» የሚል የስልክ ንግግር መዝገቡ ላይ የለም። መልስ ካልገባ ተከራዩ ሳይሰማ ይፈረድበታል።

ጋብቻ ላይም አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚሰጠው ወረቀት ብቻውን ለግዛቱ ጋብቻ አይደለም። ሁለቱም ተጋቢዎች መታወቂያ ይዘው ፕሮቤት ኮርት ቀርበው ፈቃድ ያወጣሉ፤ የጥበቃ ቀን የለም። ጆርጂያ ነዋሪ ለሆነ ሰው የትኛውም ካውንቲ ይሆናል። ሁለቱም ከሌላ ግዛት ከመጡ ግን ፈቃዱ ሥነ ሥርዓቱ በሚፈጸምበት ካውንቲ መውጣት አለበት። የቅድመ ጋብቻ ትምህርት ስድስት ሰዓት የወሰዱ ክፍያ ይቀንስላቸዋል። ካጋቡ በኋላ ቄሱ ወይም ሼኹ ፈቃዱን ፈርመው በ30 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤቱ መመለስ አለባቸው። በሠርጉ ግርግር ተረስቶ መኪና ኪስ ውስጥ የሚቀረው ይህ ወረቀት ነው፤ መጥፋቱ የሚታወቀው ለኢሚግሬሽን ማመልከቻ የተረጋገጠ ቅጂ ሲፈለግ ነው።

ቤት ለገዛ ሰው ደግሞ ሆምስቴድ የሚባል የግብር ቅናሽ አለ። ጃንዋሪ 1 ቀን ቤቱ የእናንተ ሆኖ ውስጡ እየኖራችሁበት ከሆነ እስከ ኤፕሪል 1 ማመልከት ነው። ያለፈበት ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። አንዴ ከተፈቀደ እዚያው ቤት እስካላችሁ ድረስ በየዓመቱ መጠየቅ አያስፈልግም። የቤቱ ግዢ ሲጠናቀቅ ጠበቃው ያስገባልኛል ብሎ መተው ግን ልማድ ሆኗል፤ ጠበቃው አያስገባም።

ይህች ትንሽ የፍርድ ቤት ከተማ አንድ ጊዜ የአሜሪካን ምርጫ ነካክታለች። በ1960 ከአላባማ ወደ አትላንታ የተመለሰው ማርቲን ሉተር ኪንግ ገና የአላባማ መንጃ ፈቃድ ይዞ ዲካልብ ውስጥ ፖሊስ አስቆመው። 25 ዶላር ተቀጣ፣ የአንድ ዓመት አመክሮም ተጨመረበት። በኦክቶበር አትላንታ ውስጥ በአንድ ትልቅ መደብር በተደረገ የተቃውሞ መቀመጥ ሲታሰር፣ የዲካልቡ ዳኛ ኦስካር ሚቸል አመክሮውን ጥሷል ብሎ አራት ወር ከባድ ሥራ ፈረደበት። ኪንግ በሌሊት ሬድስቪል ወደሚገኘው የግዛቱ እስር ቤት ተወሰደ። የፕሬዚዳንትነት ዕጩው ጆን ኬኔዲ ለኪንግ ባለቤት ለኮሬታ ደወለ፤ ወንድሙ ሮበርት ደግሞ ለዳኛው። ኪንግ በኦክቶበር 27 ተለቀቀ፤ ምርጫው ከ12 ቀን በኋላ ነበር፣ የጥቁሮች ድምፅም ወደ ኬኔዲ አዘነበለ። መንጃ ፈቃድ ቀላል ነገር ነው የሚል ካለ ይህን ያንብብ። ዛሬም ጆርጂያ አዲስ ነዋሪ በ30 ቀን ውስጥ ፈቃዱን እንዲቀይር ትጠይቃለች።

የአደባባዩ አሮጌ ፍርድ ቤት በ1898 የተሠራ የድንጋይ ሕንፃ ነው፤ በ1916 ተቃጥሎ እንደገና ታነፀ። ዛሬ የካውንቲው የታሪክ ሙዚየም ነው። ከጎኑ ከ1908 ጀምሮ የኮንፌደሬሽኑ፣ ማለትም ባርነትን ይዘው ለመገንጠል የተዋጉት የደቡብ ግዛቶች ሐውልት ቆሞ ነበር። በጁን 2020 በዳኛ ትእዛዝ በሌሊት ተነሣ። በኦገስት 2024 በዚያው ቦታ የጥቁሮች መብት ታጋይና የኮንግረስ አባል የነበረው የጆን ሉዊስ የነሐስ ሐውልት ቆመ፤ ቀራጩ ጃማይካዊው ቤዝል ዋትሰን ነው። ሉዊስ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይታያል።

ወደ አደባባዩ ለመድረስ ማርታ የሚባለው የአትላንታ የከተማ ባቡር ይሻላል። ጣቢያው በ1979 የተከፈተ ሲሆን ከአደባባዩ ሥር ነው፤ ከምድር ስትወጡ አሮጌው ፍርድ ቤት ፊት ለፊታችሁ ነው። ከኤርፖርት ቀዩን ወይም ወርቃማውን መስመር ይዛችሁ ፋይቭ ፖይንትስ ላይ ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን ሰማያዊ መያዝ ነው፤ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ ቅያሪው ያለ ተጨማሪ ክፍያ። በመኪና ከደቡብ በኩል የሚመጣ ሰው የዕቃ ባቡሩን ሐዲድ ያቋርጣል። ሐዲዱ ከ1845 ጀምሮ እዚያው ነው። በ1889 የተመሠረተው የሴቶቹ ኮሌጅ አግነስ ስኮት ከሐዲዱ ወዲያ ነው፣ ፍርድ ቤቱ ወዲህ። ረጅም ባቡር ሲመጣ መሻገሪያው ይዘጋል፣ ዳኛ ግን ባቡር አይጠብቅም። ነዋሪዎቹ በድሮ ጊዜ ጭስና ጩኸት ፈርተው ዋናውን ጣቢያ እምቢ ስላሉ አትላንታ ተወለደች የሚባለውን ወሬ እኔ ብዙም አላምነውም፤ ከተማዋ ግን ወሬውን ትወደዋለች።

ከአደባባዩ በፖንስ ዴ ሊዮን ጎዳና ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ከ1977 ጀምሮ ያለውን ትልቁን የዲካልብ ገበያ ያገኛል። ሠራተኞቹ ደረታቸው ላይ የሚናገሩትን ቋንቋ የጻፈ ባጅ ያደርጋሉ፤ «አማርኛ» የሚል ፈልጉና ጠይቁ። ቅመሙ በኪሎ ሳይሆን በፓውንድ ነው የሚሸጠው፤ አንድ ፓውንድ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ያንሳል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መኪና ማቆሚያ ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ የፍርድ ቤት ጉዳይ ያለው ሰው በዚያው በሥራ ቀን ጠዋት ቢገበያይ ይቀለዋል።