ጥርስ በእርጅና አይወልቅም

ባሕር ዳር፣ እሑድ ማታ

ጠዋት በጣና ዳር፣ በዘንባባዎቹ ሥር መፋቂያ ይዘው ከሚራመዱት አባቶችና እናቶች መካከል የስኳር ሕመምተኛ አይጠፋም። የጎደለውን ጥርስ አንስቶ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «እርጅና ነው ልጄ»። ይህ መልስ በሰማሁት ቁጥር ያሳዝነኛል። ዕድሜ ብቻውን ጥርስ አይነቅልም። የሚነቅለው ድድ ሥር የተደበቀው ባክቴሪያ ነው፤ ስኳር ደግሞ መንገዱን ይጠርግለታል።

ጤነኛ ድድና ጥርስ መካከል ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚጠልቅ ስንጥቅ አለ። 4 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ኪስ ይባላል። እዚያ ውስጥ አየር ስለማይገባ እንደ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ ያሉ አየር የማይወዱ ባክቴሪያዎች ይመቻቸዋል። የደም ስኳር ከፍ ሲል በምራቅና ከድድ በሚመነጨው ፈሳሽ ውስጥ ያለው ስኳርም ይጨምራል፣ ምራቁ ያንሳል፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ይዳከማሉ። ለደም ግፊት የሚወሰድ የሚያሸና መድኃኒት ከተጨመረበት አፍ ይበልጥ ይደርቃል። ድዱ ይቆጣል፤ ጥርሱን የያዘው አጥንትም ቀስ በቀስ ይበላል። ሕመም ስለሌለው፣ ሰው የሚያውቀው ጥርሱ ሲነቃነቅ ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። የተቆጣ ድድ ሁልጊዜ ክፍት እንደሆነ ቁስል ነው። ከዚያ ወደ ደም የሚገቡት፣ የተቆጣው ድድ የሚያመነጫቸው ንጥረ ነገሮች የኢንሱሊንን ሥራ ያደናቅፋሉ። ስለዚህ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ፣ ምግቡንም ሳይለውጥ ስኳሩ አልወርድ ያለው ሰው አፉንም ያስመርምር። ሃራልድ ሎ የተባለው ተመራማሪ የድድ በሽታን እ.ኤ.አ. በ1993 የስኳር ሕመም ስድስተኛ መዘዝ ብሎት ነበር። ድድ በደንብ ከታከመ በ3 ወይም በ4 ወር ውስጥ የሦስት ወሩ አማካይ የስኳር ውጤት (HbA1c) በግምት 0.4 የመቶኛ ነጥብ ይወርዳል፤ ለምሳሌ ከ8.4 ወደ 8.0። ለእኔ ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም።

«ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያላላል» የሚለው ፍርሃት ግን ብዙ ሰው ያስቀራል። ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም። ድንጋዩ፣ ማለት ጥርስ ላይ የጠጠረው ቆሻሻ፣ ሲነሳ ያበጠው ድድ ይሟሽሻል፣ ክፍተት ይታያል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ለጥቂት ቀናት ይጠዘጥዛል። ጥርሱም የላላ ይመስላል። አጥንቱ ግን ቀድሞ ተበልቶ ነበር፤ ድንጋዩ ጉዳቱን ሸፍኖት ኖሮ ነው። በቦታው ቢቀር ኖሮ ኪሱ እየጠለቀ ይሄድ ነበር።

በብሩሽም ላይ እንዲሁ ነው። ድዱ ሲደማ መቦረሽ የሚያቆም ሰው አለ፤ ያ ባክቴሪያውን መቀለብ ነው። ለስላሳ ብሩሽ ይዞ፣ ጫፉን ወደ ድዱ ጠርዝ አዘንብሎ፣ ሳይጫኑ 2 ደቂቃ መቦረሽ። ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና የአተር ፍሬ ታህል ይበቃል። ከሁለት ሳምንት በኋላም መድማቱ ካልቀነሰ ከሥር ድንጋይ ወይም ኪስ ይኖራል፤ ጥርስ ሐኪም ይየው። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ወይም መገጣጠሚያው ለሚያመው አረጋዊ የብሩሹን እጀታ በብስክሌት መሪ ላስቲክ ውስጥ መሰካት ነው፤ ብስክሌት በሞላበት ከተማችን ላስቲኩ አይቸግርም።

መፋቂያን አልንቅም። ጫፉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ እስኪለሰልስ መጠበቅ፣ ከድድ ወደ ጥርስ አቅጣጫ መፋቅ፣ ያገለገለውን ጫፍ በየቀኑ ቆርጦ መጣል። ጠንካራው ጫፍ ወደ ጎን ከተጎተተ ድድ ይልጣል። የኋላ ጥርሶችን የውስጥ ገጽታም በደንብ አይደርስም። ጾም ላይ ጠዋት አፉን በውሃ መንካት የማይፈልገውን ሰው አልሟገተውም፤ የማታው ብሩሽ ግን አይቅር፤ ሌሊት ምራቅ በጣም ያንሳል።

ሰው ሠራሽ ጥርስ ማታ ይወልቅ፤ በሳሙናና በብሩሽ ታጥቦ ውሃ ውስጥ ይደር። አፍ ውስጥ ሆኖ ካደረ ላንቃን የሚያቀላና የሚያቃጥል ፈንገስ ያመጣል፤ ስኳር ባለበት ሰው ደግሞ ይብሳል።

ለሚያመው ጥርስ አረቄ መያዝ ድድ ያቃጥላል እንጂ አያድንም። ጥርስ ለማስነቀል ባዶ ሆድ ሄዶ ኢንሱሊን መውጋት ደግሞ አደገኛ ነው። ቁርስ በልቶ፣ መድኃኒቱን እንደታዘዘው ወስዶ፣ ጠዋት መሄድ፤ ስኳር እንዳለበት ለሐኪሙ መንገር። ስኳር ወርዶ ላብና መንቀጥቀጥ ከመጣ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ መለካት።

በክትትል ቀን እግር እንደሚታይ አፍም እንዲታይ መጠየቅ ነውር የለውም። ጥርስ የታጠበበትን ቀን በክትትል ደብተሩ ላይ ይጻፉት፤ ከሦስት ወር በኋላ የሚመጣውን ውጤት ከፊተኛው ጎን አድርገው ይዩት።