የድሮ ዲዛይኖቼ በድሬ ፀሐይ

ሰሞኑን ፖርትፎሊዮዬን (ለደንበኛ የማሳየውን የሥራ ስብስብ) ላድስ ብዬ የድሮ የዌብሳይት ዲዛይኖቼን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ያኔ ደንበኛ ያስጨበጨቡ ተንሸራታች ፎቶዎች ዛሬ ዓይን አይሞሉም። ፊደላቸው የተጨነቀላቸው ሥራዎች ግን አሁንም አያሳፍሩም። እናም ወሬዬ ባብዛኛው ስለ ፊደል ነው።

ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ላለ አንድ ኬክ ቤት የሠራሁትን ልንገራችሁ። የተገዛው ቴምፕሌት (ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የገጽ ንድፍ) የኬኮቹን ዝርዝር በ13 ፒክስል የፊደል መጠን ነበር የሚጽፈው። ለላቲን ፊደል ብዙም አያንስም። የኛዎቹ ኪ እና ኬ ግን የሚለዩት እግራቸው ሥር ባለችው ጭረትና ቀለበት ብቻ ነው። በ13 ፒክስል ቀለበቷ ትደፈንና ኬኩ ኪክ ይሆናል። ጬ እና ጿንማ ተዉት። መጠኑን ወደ 17 አሳድጌ የመስመር ከፍታውን የፊደሉን መጠን 1.7 እጥፍ ሳደርገው መስመሮቹ መተፋፈጉን ተዉ። ባለቤቷ ምን እንደነካሁ ባታውቅም «አሁን ጠራ» አለችኝ።

ሌላው ጣጣ የላቲኑ ካፒታል (ትልቁ) ፊደል ነው። የፈረንጅ ቴምፕሌት ርዕስንና አዝራርን በትልልቅ ፊደል ይለያል። ወደ አማርኛ ስታመጡት ልዩነቱ ብን ብሎ ይጠፋል። የሚቀረን መጠን፣ ውፍረትና ቀለም ነው። ውፍረቱም ፎንቱ (የፊደሉ ቅርጽ ስብስብ) ካለው አይደል! ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ኒያላ የተባለ ፎንት አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ቦልድ ስትሉት ብሮውዘሩ ከራሱ ያወፍረዋል፤ ፊደሉም ቀለም እንደፈሰሰበት ይጨማለቃል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ ጥቁር ወፍራም የተሟላ ስለሆነ እሱ ላይ ሙጭጭ ብያለሁ።

የድሬ ሰው ስልኩን የሚያየው ባጃጅ ውስጥ ወይ ደጅ ነው። የዌብ ተደራሽነት መመሪያው ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የቀለም ንፅፅር ይጠይቃል። እኔ ቁጥሩ ከተሟላም በኋላ እኩለ ቀን ላይ ስልኬን ይዤ አስፋልት እወጣለሁ። ላፕቶፕ ላይ ሽክ ያለው ግራጫ የድሬ ፀሐይ ሲያርፍበት የለም። የአዲስ አበባ ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። «ፈካ ይበል» ብሎ የሚከራከር ደንበኛ ሲመጣ ደጅ አውጥቼ አሳየዋለሁ። ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

ቋንቋም አለ። እዚህ ከአማርኛ ሌላ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ይፈለጋል። ሁለቱም በላቲን ስለሚጻፉ በአማርኛ አራት ፊደል የነበረው «ያግኙን» በኦሮምኛ ከእጥፍ በላይ ይረዝማል። ስለዚህ ሜኑውን የምለካው በረጅሙ ነው።

ሰዓትን በአጭሩ፦ ለእንግዳ ማረፊያ ስትሠሩ ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፉ። ቁርስ «ከ1 ሰዓት ጀምሮ» ካላችሁ ፈረንጁ በኛ ሌሊት 7 ሰዓት ሊመስለው ይችላል።

አሁን የያዝኩት ሐረር ጀጎል ውስጥ ስፌት ለሚሸጡ ሴቶች የሚሆን ካታሎግ ነው። የስፌቱ ቀለም ራሱ ስለሚበቃ ገጹን ነጭ ትቼዋለሁ። ለርዕሱ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የተባለውን ፎንት እየሞከርኩ ነው። በትልቁ ያምራል፤ የዋጋ ዝርዝሩ ላይ ግን ቀጫጭን መስመሮቹ አሳስበውኛል። ከናንተ ውስጥ በርካሽ ስልክ የሞከረው ካለ፣ ከስንት ፒክስል በታች መነበብ እንደሚያቅተው ንገሩኝ።