ስለ አፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፕሬዝዳንት ስለ ሞትሴፔ ትንሽ ላውራ

መጀመሪያ አንድ ነገር። በ1957 (እ.ኤ.አ.) ካርቱም ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲደረግ ደቡብ አፍሪካ የደረሳት ከኛ ጋር ነበር፤ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ብላ ተባረረችና እኛ ሳንጫወት ፋይናል ገባን (በግብፅ 4 ለ 0 ተቀጣን እሱን ተዉት)። ጋሽ ይድነቃቸው ተሰማም ካፍን ሲመሩ አፓርታይድን እስከመጨረሻው ታግለዋል። ዛሬ የሳቸው ወንበር ላይ የተቀመጠው የዛችው ሀገር ጥቁር ልጅ ነው፣ ፓትሪስ ሞትሴፔ።

ስሙ የወጣለት በፓትሪስ ሉሙምባ ነው። አባቱ አስተማሪነቱን ትቶ ሱቅ ከፈተ፣ ልጁም ባንኮኒ ጋ ቆሞ ለማዕድን ሰራተኞች ሲሸጥ አደገ። እኔ ሰውዬውን የሰራችው ያቺ ሱቅ ትመስለኛለች። ህግ ተምሮ በ1994 ትልቅ የጥብቅና ድርጅት ውስጥ የመጀመሪያው ጥቁር ሸሪክ ሆነ፣ በ1997 ደግሞ ትልልቆቹ ካምፓኒዎች አያዋጣም ብለው የተዉትን የወርቅ ጉድጓድ ገዛ፣ ያውም በዱቤ በሉት፣ ከሚያገኘው ትርፍ ላይ እየከፈለ! ቅዳሜ ገበያ ላለ ነጋዴ ብትነግሩት "ታዲያ ምን ይገርማል" ነው የሚላችሁ። ቢሊየነር የሆነው በዚህ ነው።

ከዛ የደቡብ አፍሪካውን ክለብ ሰንዳውንስን ገዛ፣ ገንዘብ አፈሰሰበት፣ በ2016 የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግን በላ። በ2021 ካፍን ያዘ፣ በ2025ም ያለ ተፎካካሪ ተመረጠ። ይሄ ያለ ተፎካካሪ የሚሉት ነገር ግን አይመቸኝም፣ ምርጫ ነው እንዴ?

የአፍሪካ ዋንጫ ሽልማት ከ5 ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር ያደገው በሱ ጊዜ ነው። ለኔ ግን የሚበልጠው ሌላ ነው፣ በቅድመ ማጣሪያ ለሚጫወቱ ክለቦችም 50,000 ዶላር መሰጠት ጀመረ። አፄዎቹ (ፋሲል ከነማ) በ2013 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነው በሱዳኑ አል ሂላል ሲወድቁ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፣ ለፋሲል አይነት ክለብ ደግሞ የአውሮፕላን ቲኬት ራሱ ራስ ምታት ነው።

ፒያሳ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ግን ይሄን ማንም አይሰማኝም። ዋልያዎቹ ካፍ የሀገራችንን ስታዲየሞች ስላልፈቀደ ሜዳ አጥተው ግብፅን ማላዊ ላይ 2 ለ 0 ሲያሸንፉ እንኳ ከጎሉ ጩኸት መሀል አንዱ ካፍን ይሰድብ ነበር።