በአዳማ ሙቀት፣ እንቁላሉ ማሽን ሳይገባ በፊት

ጫጩት ለመፈልፈል 21 ቀን ይፈጃል ሲባል የሚቆጠረው እንቁላሉ መፈልፈያ ማሽን ከገባበት ቀን ነው። ፅንሱ ግን ያኔ የአንድ ቀን ዕድሜ አለው። አስኳሉ ከዶሮዋ እንቁላል ዕጢ በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ከአውራው ዘር ጋር ይገናኛል፤ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላ፣ ቅርፊቱ ሳይሠራ፣ ሴሉ መከፈል ይጀምራል። ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እያለ ይቀጥላል። አስኳሉ በሙሉ አይከፈልም፤ የሚከፈለው አናቱ ላይ ያለችው ነጭ ክብ ብቻ ናት። እንቁላሉ ሲጣል እዚያች ክብ ላይ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴሎች አሉ።

ከዚያ እንቁላሉ ከ20 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ፅንሱ ሳይሞት ያርፋል። አዳማ ላይ ችግሩ ይኸው ነው። ሚያዝያና ግንቦት ከሰዓት በኋላ 30 ዲግሪ የሚያልፍ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ እንቁላል አያርፍም፤ በወጉም አያድግም። ሴሎቹ በዝግታና በተዘበራረቀ መልኩ እየተከፈሉ ይዳከማሉ፣ ማሽን ከገቡ በኋላ ይሞታሉ። ጥፋተኛ የሚባለው ግን አውራ ዶሮው ይሆናል፣ ምስኪን!

መፍትሔው ቀን ላይ 3 ወይም 4 ጊዜ መሰብሰብ፣ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ቦታ ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርጎ ማስቀመጥ፣ ከ7 ቀን አለማሳለፍ ነው። ቀዝቃዛ ክፍል ከሌለ 3 ቀን ይበቃል። የቤት ፍሪጅ አይሆንም፣ ቅዝቃዜው በዝቷል። ቆሻሻ እንቁላል አይታጠብ።

ማሽኑ ፋን ካለው 37.5 ዲግሪ ይሁን። በመጀመሪያው ቀን የጀርባው መስመር ይሰመራል፤ ሁለተኛው ቀን ሳያልቅ ልብ ይመታል። በ3ኛው ቀን ደም ሥር አስኳሉ ላይ ይዘረጋል። ፅንሱ ወደ ላይ ስለሚንሳፈፍ ካልተገለበጠ ከቅርፊቱ ሽፋን ጋር ይጣበቃል፤ ስለዚህ እስከ 18ኛው ቀን በቀን ቢያንስ 3 ጊዜ ይገልበጥ። መብራት ለአንድ ሁለት ሰዓት ቢጠፋ ክዳኑን አይክፈቱ። ከአጭር ቅዝቃዜ ይልቅ 40 ዲግሪ የደረሰ ሙቀት ፈጥኖ ይገድላል።

በ7ኛው ቀን ጨለማ ውስጥ በባትሪ ይዩ። የሸረሪት ድር የመሰለ ደም ሥር ካለ ጤነኛ ነው። ቀይ ቀለበት ብቻ ከታየ ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሞቷል። ጥርት ያለውን ከመጣል በፊት ሰብረው ይዩት፦ አስኳሉ ላይ ትንሽ ጥቅጥቅ ያለች ነጥብ ብቻ ካለች አውራ አላገኘውም፤ ሰፋ ያለ ነጭ ክብ ካለ ተጀምሮ ቆሟል። ክቡ ከበዛ ማስቀመጫ ክፍሉን ይፈትሹ፤ ነጥቧ ከበዛች ለ10 ሴት አንድ አውራ መኖሩን ይቁጠሩ።